ልብ ወለድንና ኢ-ልብ ወለድን መለየት፦ ለወላጆችና ለመምህራን

ልብ ወለድ ደራሲው በምናቡ የፈጠረው ታሪክ ሲሆን፣ ኢ-ልብ ወለድ ስለ እውነተኛ ሰው፣ ቦታ ወይም ነገር መረጃ የሚሰጥ ጽሑፍ ነው። ልጆች "ተረት ተረት" ሲባሉ "የላም በረት" ብለው ስለሚቀበሉ፣ የሚሰሙት ፈጠራ መሆኑን ገና ሳይጀመር ያውቃሉ። መጽሐፍ ግን ይህ ምልክት ስለሌለው መለየቱን ማስተማር ያስፈልጋል።

ልጆች አዘውትረው የሚሳሳቱት እንግዳ የመሰላቸውን ሁሉ ፈጠራ፣ የለመዱትን ሁሉ እውነት ሲያደርጉ ነው። ለዚህም ስለ ጅብ የተጻፉ ሁለት ጽሑፎችን ጎን ለጎን ማስነበብ ይጠቅማል፤ አንዱ ጅብ በሌሊት የገበሬ አህያ ሲበላ የሚተርክ ልብ ወለድ፣ ሌላው ሴቷ ነጠብጣባም ጅብ ከወንዱ እንደምትገዝፍ የሚያስረዳ የሳይንስ ጽሑፍ ይሁን። ብዙ ልጆች ተረት የሚመስላቸው ሁለተኛው ነው፤ ሆኖም በመለካት የተረጋገጠው እርሱ ነው። ስለሆነም "እውነት ነው ወይስ ውሸት?" ከማለት "ጸሐፊው ይህን እንዴት አወቀ?" ብሎ መጠየቅ ይመረጣል። ልብ ወለድ ውሸት አይደለምና ልጁ እንዲንቀው ማድረግ አይገባም።

ከፍ ላሉ ተማሪዎች የሐዲስ ዓለማየሁ ሁለት መጻሕፍት ይረዳሉ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው "ፍቅር እስከ መቃብር" ጎጃምን መቼቱ ቢያደርግም ልብ ወለድ ነው፤ "ትዝታ" ግን ደራሲው ያሳለፉትን የሚያወሱበት ነው።