የቆዩ ፎቶግራፎችና የአካባቢ ታሪክ ትምህርት፦ የወረኢሉና የአካባቢው ምሳሌነት

ወረኢሉ በታሪክ መጻሕፍት ይበልጡን የምትነሣው በአንድ ጉዳይ ነው። ይኸውም በመስከረም ወር 1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለዐድዋ ዘመቻ ባስነገሩት የክተት አዋጅ የሸዋ ጦር በዚያ እንዲከት መታዘዙ ነው። ያን ጦር የተቀበለው ባላገር ግን ምን ይለብስ እንደነበረ፥ ቤቱን በምን ይከድን እንደነበረ ተማሪው ከመጽሐፉ ብዙ አያገኝም። ይህን ጉድለት ለመሙላት ከሚረዱት ማስረጃዎች አንዱ የቆየ ፎቶግራፍ ነው። ሆኖም ፎቶግራፍ እንደማንኛውም የጽሑፍ ማስረጃ ተመርምሮ ሊነበብ ይገባል።

ወሎ ፎቶግራፍ ቀድሞ ከገባባቸው የኢትዮጵያ ክፍሎች አንዱ ነው። በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የመሐንዲስ ክፍሉ ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ ነበር። ዋና ዓላማቸው የጦሩን ጉዞ፥ መልክዐ ምድሩንና አምባውን መመዝገብ ነበር። በዘመኑ ፎቶግራፍ የሚነሣው መድኀኒት በተቀባ መስታወት ላይ ስለሆነ፥ የሚነሣው ነገር ለሴኮንዶች ያህል ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። ስለዚህ ተራራና ድንኳን ጎልተው ሲወጡ፥ ቆሞ የማይጠብቀው የዕለት ሥራ ወይ ይደበዝዛል ወይ ጨርሶ አይታይም። በሥዕሉ ላይ ሰው አለመታየቱ በስፍራው ሰው አለመኖሩን እንደማያመለክት መምህሩ ሊያስረዳ ይገባል።

ሁለተኛው ምሳሌ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ነው። ልዑሉ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ፥ በዚያው ዓመት ክረምት ዋይት በተባለችው ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በተባለች ዕውቅ አንሺ ፎቶግራፍ ተነሥቷል። ስሙና ጊዜው ባይታወቅ ኖሮ ተመልካቹ የሚያየው አንድ ያዘነ ሕፃን ብቻ ነበር። ጊዜው ስለታወቀ ግን አባቱ መቅደላ ላይ፥ እናቱም በጉዞ ላይ ከሞቱ ገና ጥቂት ወራት እንደሆነ ይረዳል። ልዑሉ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በዚያው በባዕድ አገር ዐረፈ።

ከዚያ ወዲህ ፎቶግራፍ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ሕዝቡ ቤት ገብቷል። በአዲስ አበባ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም ከየቤተሰቡ የተሰበሰቡ ፎቶግራፎች በመጽሐፍ መታተማቸው የዚህን ሀብት ስፋት ያሳያል። በወረኢሉና በመካነ ሰላም ዙሪያም የሠርግ፥ የምረቃና የመታወቂያ ፎቶግራፍ በየሣጥኑ ይገኛል። ነገር ግን ሰው ለፎቶግራፍ የሚለብሰው የክቱን እንጂ የዘወትሩን አይደለም። የዘወትሩን ኑሮ መፈለግ ከሥዕሉ ዳር ነው፦ ከባዶ እግር፥ ከሣር ወይም ከቆርቆሮ ክዳን፥ በግድግዳ ከተሰቀለ ዕቃ፥ ደጋው ከሚለብሰው የበግ ጠጕር ባና።

በመሆኑም የአካባቢ ታሪክ የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹ ከባለቤቱ ፈቃድ አግኝተው ፎቶግራፉን እንዲገለብጡ፥ ዋናውንም ሳይጎዱ እንዲመልሱ ማድረግ ይችላል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ማን፥ የት፥ መቼ፥ በምን ምክንያት እንደተነሣ አረጋውያንን ጠይቀው በቅጂው ጀርባ ይጻፉ። ወረቀቱ በሣጥን ውስጥ ብዙ ዘመን ሊቆይ ይችላል፤ ፊቶቹን በስም የሚጠሩት አያቶች ግን አብረውት አይቆዩም። ስማቸው የጠፋ ፊቶችን ከሣጥን ማውጣት ይቻላል፤ ታሪካቸውን መመለስ ግን አይቻልም።