ሥራ የፈታው ግራ እግር

አውቶማቲክ «የሰነፍ ነው»፣ ሲብስም «የሴት መኪና ነው» የሚሉን ወንድሞች መቼም አይጠፉም። እስቲ ወደ ታሪኩ እንውሰዳቸው።

ሼቭሮሌ በ1953 እ.ኤ.አ. የሠራቸው የመጀመሪያዎቹ 300 ኮርቬቶች በሙሉ ባለሁለት ማርሽ አውቶማቲክ ነበሩ። የስፖርት መኪና አፍቃሪው አኮረፈ። ከዚያ የቴክሳሱ ጂም ሆል መጣ። በ1965 ከሃፕ ሻርፕ ጋር፣ የፍሪሲዮን ፔዳል በሌለው ቻፓራል የሴብሪንግን የ12 ሰዓት ውድድር አሸነፈ፤ ያውም በዶፍ ዝናብ! በ1966 ደግሞ ሥራ የፈታው ግራ እግር የኋላውን ክንፍ የሚያዘነብል ፔዳል ተሰጠው። ይህ ስንፍና ነው?

ድካም የለበትም አንልም። በ1967 ቻፓራል 2ኤፍ ፈጣን ሆኖ ሳለ ካምቢዮው ደጋግሞ ከድቶታል። የአውቶማቲክ ዋና ጠላት ግን ሙቀት ነው። በፍሪሲዮን ፈንታ የገባው ቶርክ ኮንቨርተር ሁለት ፊት ለፊት የቆሙ ማራገቢያዎች ማለት ነው፤ አንዱ ሌላውን የሚያዞረው በዘይት ግፊት ነው። የፍጥነታቸው ልዩነት ዘይቱን ያግለዋል። ዘይቱ ሲቃጠል ይጠቁራል፣ ጎሚኒዎቹም ይደርቃሉ።

ብዙ መኪና ላይ ይህ ዘይት የሚቀዘቅዘው በሞተሩ ራዲያተር ውስጥ አልፎ ነው። የራዲያተሩ ውኃ ራሱ 90 ዲግሪ ገደማ ነው! በኃይል ለሚነዳ መኪና ይህ አይበቃም። ስለዚህ ነፋስ የሚያገኘው ሌላ ትንሽ ራዲያተር ከፊት ይጨመራል፤ ዘይቱ ከዋናው ወጥቶ በእሱ በኩል ወደ ካምቢዮው ይመለሳል። ጋራዥ ገብተን «ችግሩ አውቶማቲክ መሆኑ ነው» ስንባል፣ ከእንግዲህ መጀመሪያ የምንጠይቀው የዘይቱን ቀለም ነው።