የባሕር ዛፍ ጉቶ በአዲስ አበባ ዙሪያ

ከሰበታ እስከ ቡራዩና ሱሉልታ ባሉት ኮረብታዎች ዛፍን እየቆረጡ ማኖር ሙያ የሆነው ባሕር ዛፍ ከገባ ወዲህ ነው። ቀድሞ አካባቢው የጽድና የወይራ አገር ነበር፤ ከሰበታ በላይ በወጨጫ ተራራ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን የዚያ ቅሪት ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ማገዶና የቤት እንጨት የእንጦጦን ደን ጨረሰው። ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደረሱ። በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ ግን ከተማዋ ባለችበት እንድትጸና ረዳ። ውኃ ይመጥጣል ተብሎ አብዛኛው እንዲነቀል በ1905 ዓ.ም. ገደማ የወጣው ትእዛዝም ሳይፈጸም ቀረ፤ ማገዶ የሌለው ከተማ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ እንዴት ይፈጽማል?

የዛፉ ጥቅም ያለው ከጉቶው ነው። ግንዱ ወደ መሬት ተጠግቶ፣ ገጹ ጋደል ተደርጎ ይቆረጣል፤ ውኃ ከቋጠረ ይበሰብሳልና። ቅርፊቱ ከተላቀቀ ቡቃያው ይደክማል፤ መጥረቢያው ስል መሆኑ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ከበቀሉት ብዙ ቡቃያዎች ባለቤቱ ቀጥ ያሉትን ጥቂቶች አስቀርቶ ሌላውን ያነሣል። ቀጭኑ ለማገርና ለአጣና፣ ወፍራሙ ለቋሚ ይሆናል፤ ቅጠሉን ሴቶች ከእንጦጦ ተሸክመው ለእንጀራ ምጣድ ማገዶ ይሸጡታል።

ጃፓን ከቻይና የወሰደችው የቦንሳይ ጥበብም መሠረቱ መቁረጥ ነው። በ1923 እ.ኤ.አ. ርዕደ መሬት ቶኪዮን ካወደመ በኋላ አትክልተኞቿ ከከተማው ወጣ ብለው በኦሚያ የቦንሳይ መንደር መሠረቱ። እነርሱ ዛፉን በሳሕን ላይ አሳጥረው ያረጀ ያስመስሉታል። የነጭ ባሕር ዛፍ ጉቶ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ሥሩ ያረጀ ሆኖ ሳለ ቡቃያው የችግኝነቱን ሰፊና አመድማ ቅጠል መልሶ ያወጣል፤ ማጭድ የመሰለው ረጅም ቅጠል የሚመጣው ቆይቶ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ የባላባቶች የባሕር ዛፍ ተክል ከግል እጅ ወጣ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ፤ ብዙ የጉቶ መሬትም ቤት ተሠርቶበታል። እንጦጦ ላይ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ መልሶ ለመትከል የሚደክም ሰውም መጀመሪያ የሚገጥመው ይኸው ጉቶ ነው፤ ቆርጦ መተው አይበቃም፣ ከነሥሩ መቆፈር ወይም ቡቃያውን ደጋግሞ መስበር ግድ ይላል።