ነባሪ መተላለፊያ

ነባሪ መተላለፊያ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከቤት ውጭ የሚሄደውን መልእክት ሁሉ የሚያስረክበው መሣሪያ ነው። በባለሙያዎች አፍ ዲፎልት ጌትዌይ ይባላል። «ነባሪ» መባሉ ሌላ መንገድ እስካልተመረጠ ድረስ ሥራው ለእሱ ስለሚተው ነው። «መተላለፊያ» በሚለው ፈንታ «ፍኖት» የሚሉም አሉ። በሳዑዲ ዐረቢያ፣ ደማም ወይም ኮባር ተገዝቶ ቋንቋው ዐረብኛ እንደሆነ በቀረ ስልክ ላይ ግን የሚፈለገው ቃል «በዋባ»፣ ማለትም በር ነው።

በመኖሪያ ቤት ይህን ሥራ የሚሠራው ራውተሩ ነው። የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል የሚቀየርበት ገጽም የሚከፈተው በነባሪ መተላለፊያው አድራሻ ነው። ብዙ ሰው 192.168.1.1ን እንደ ስልክ ቁጥር በቃሉ ይዞ በየቤቱ ይሞክራል፤ ገጹ እምቢ ሲለው ራውተሩ የተበላሸ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የኢንተርኔት ደንብ ግን በ192.168 የሚጀምሩትን 65,536 አድራሻዎች በሙሉ ለግል ኔትወርክ ስለለቀቀ፣ አምራቹ ደስ ያለውን ይመርጣል። የሁዋዌ የፋይበር ሳጥኖች በብዛት 192.168.100.1ን፣ ሲም ካርድ የሚገባባቸው የሁዋዌ ራውተሮች 192.168.8.1ን፣ ብዙዎቹ የዲሊንክ ራውተሮች ደግሞ 192.168.0.1ን ይጠቀማሉ። ስለዚህ ቁጥሩን ከመገመት መሣሪያውን መጠየቅ ይቀላል። በአንድሮይድ የተገናኙበትን ዋይፋይ ዝርዝር ሲከፍቱ፣ በአይፎን ከዋይፋዩ ስም አጠገብ ያለችውን ምልክት ሲነኩ «ራውተር» በሚለው ትይዩ፣ በዊንዶውስ ደግሞ በትእዛዝ መስኮቱ አይፒኮንፊግ ሲጻፍ ይገኛል። የመሣሪያው የራሱ አድራሻ በ169.254 ከጀመረ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚስተካከለው ግንኙነቱ ነው።

አድራሻው ትክክል ሆኖም ገጹ ላይከፈት ይችላል። ቁጥሩ በፍለጋ ሳጥን ውስጥ ከተጻፈ አሳሹ ጉግልን ይጠይቃል እንጂ ራውተሩን አያገኝም፤ መጻፍ ያለበት ከላይ ባለው የአድራሻ መስመር ነው፣ ፊቱ ላይም ኤችቲቲፒ ቢጨመር ይረዳል። የሞባይል ዳታ ከበራ ስልኩ በዚያ በኩል ሊወጣ ይችላል። ቪፒኤንም እንዲሁ መንገድ ያስቀይራል፤ አገር ቤት ለመደወል ብሎ ጭኖት የረሳው ሰው ጥቂት አይደለም። በእንግዳ ዋይፋይ የተገናኘ ሰውም ኢንተርኔቱ እየሠራለት ገጹ ይዘጋበታል። ይህ ብልሽት ሳይሆን ባለቤቱ ወይም አምራቹ ሆን ብሎ ያደረገው ነው።

ይበልጥ የሚያደናግረው ሁለት ራውተር ያለበት ቤት ነው። በኮባር ሱቅባን በመሰሉ ሰፈሮች ብዙ ተከራይ በሚጋራው ቤት የፋይበሩ ሳጥን በር አካባቢ ተሰቅሎ፣ ለጓዳው ክፍል ሌላ ራውተር ቢቀጠል፣ በጓዳ ላለው ስልክ ነባሪ መተላለፊያው የቅርቡ ራውተር ነው። የሁለቱ አድራሻ ከተለያየ፣ ለምሳሌ የውስጡ 192.168.0.1 የበሩ 192.168.100.1 ከሆነ፣ ሁለቱም ገጾች አብዛኛውን ጊዜ ከጓዳው ይከፈታሉ። ሁለቱም 192.168.1.1 ከሆኑ ግን የሚመልሰው የውስጡ ብቻ ነው፤ የበሩን ለማግኘት ከራሱ ዋይፋይ ጋር መገናኘት ያስፈልጋል። የተቀጠለው ሲግናል ማራዘሚያ ብቻ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ መተላለፊያው የበሩ ሳጥን ሆኖ ይቀራል፣ የማራዘሚያው ገጽ ሌላ አድራሻ ይኖረዋል።

ገጹ ተከፍቶ የሚጠየቀው የይለፍ ቃል ከዋይፋዩ የተለየ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በራውተሩ ሆድ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ይነበባል። ተቀይሮ ከተረሳ በትንሿ ቀዳዳ መርፌ ከትቶ ወደ ፋብሪካው ሁኔታ መመለስ ይቻላል፣ ነገር ግን በፋይበር መስመር ላይ ኩባንያው ያስገባው የመገናኛ መለያም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ መርፌው ከመነሳቱ በፊት ለኤስቲሲ፣ ለሞባይሊ ወይም መስመሩን ላስገባው ሌላ ኩባንያ መደወል ያሻል፤ ደዋዩም ውሉ በኢቃማው፣ ማለትም በመኖሪያ ፈቃዱ፣ የተመዘገበው ሰው ቢሆን ነገሩ ይቀላል።