አካል ጉዳተኛ ሕፃናት የሚያገኟቸው የጤና፣ የትምህርትና የማኅበራዊ ድጋፍ አገልግሎቶች

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍና እንዲያቋቁም ይደነግጋል። ሀገሪቱ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነትም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። በመሆኑም ለአካል ጉዳተኛ ሕፃን የሚሰጥ አገልግሎት መብቱ እንጂ ችሮታ አይደለም። ይሁንና ወላጆች በኀፍረት ወይም አገልግሎቱ የት እንደሚሰጥ ባለማወቅ ከቤት የሚያስቀሯቸው ሕፃናት አሉ።

የጤና አገልግሎት

ጉዳት በጊዜ ሲታወቅ የሕክምናው ውጤት የተሻለ ይሆናል። በአራት ወሩ የሚንቀሳቀስን ነገር በዓይኑ የማይከተል፣ ለከፍተኛ ድምፅ የማይደነግጥ፣ በዘጠኝ ወሩ ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ ወይም በአሥራ ስምንት ወሩ የማይራመድ ሕፃን ሳይውል ሳያድር መመርመር አለበት። ወላጆች በመጀመሪያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛን ያማክራሉ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፤ እንደ አስፈላጊነቱም ጤና ጣቢያው በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይልካቸዋል።

ለምሳሌ ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ሕፃን ሕክምናውን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጀመረ፣ እግሩ በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልገው ይቃናል። ከጀሶው በኋላ የሚታዘዘውን ልዩ ጫማ እስከ አራት ዓመቱ ገደማ በመኝታ ሰዓት ማድረግ ይኖርበታል። እግሩ ተቃንቷል ተብሎ ጫማው ከተቋረጠ ችግሩ ሊመለስ ይችላል።

ሰው ሠራሽ አካል፣ የአካል ድጋፍ ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ለሚያስፈልጋቸው ሕፃናት የአካል ተሐድሶ ማዕከላት አገልግሎት ይሰጣሉ። በመናገሻ፣ በደሴና በአርባ ምንጭ የሚገኙት ከእነዚህ ማዕከላት መካከል ናቸው።

የትምህርት አገልግሎት

በአካቶ ትምህርት መርሕ መሠረት አካል ጉዳተኛ ሕፃን በአካባቢው ትምህርት ቤት ከእኩዮቹ ጋር ይማራል። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የልዩ ፍላጎት መምህራንና የብሬይል ወይም የምልክት ቋንቋ ድጋፍ የሚሰጥባቸው ማዕከላት ይገኛሉ። ወላጆች በምዝገባ ወቅት የልጃቸውን ሁኔታ በግልጽ ሲያስረዱ፣ ትምህርት ቤቱ ማየት ለሚቸገር ልጅ የፊት መቀመጫ፣ ደረጃ መውጣት ለማይችል ልጅ ደግሞ ምድር ቤት የሚገኝ ክፍል ለማመቻቸት ያስችለዋል። በጉዳቱ ምክንያት ምዝገባ የተከለከለ ልጅ ወላጅ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ሊያቀርብ ይችላል።

ማኅበራዊ ድጋፍ

በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መክፈል የማይችሉ አባወራዎችና እማወራዎች በማኅበረሰቡ ተለይተው መዋጮአቸው በመንግሥት ይሸፈናል። የሴፍቲኔት ፕሮግራም በሚተገበርባቸው አካባቢዎችም፣ ሠርቶ ማደር የሚችል አባል የሌላቸው ድሃ ቤተሰቦች በቀጥታ ድጋፍ ሊታቀፉ ይችላሉ። ሁለቱም ምልመላዎች ከቀበሌ ስለሚጀምሩ፣ ልጃቸው ለጎረቤትም ሆነ ለቀበሌ ያልታወቀ ቤተሰቦች በቀላሉ ከምልመላው ውጭ ይሆናሉ።

ከመሄድ በፊት የሚዘጋጁ ማስረጃዎች

የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ መታወቂያና ያለውን የሕክምና ማስረጃ መያዝ ጉዳዩን ያፋጥናል። ልደት በተወለደ በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ጊዜው ያለፈበት ልጅም ከመመዝገብ አይከለከልም። ተጨማሪ ምክር የሚፈልጉ ወላጆች በወረዳቸው የሚገኘውን የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይችላሉ።