የስፌት መኪናው ግራ እጅ

ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ የገበያ አገር ናት። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ የመጣው አሞሌ ጨው እዚያ ይራገፍ፣ እዚያ ይለወጥ፣ ከዚያም ወደ ሌላው ደጋ ይሻገር ነበር። የዋግ ታሪክ ሲወሳ ዋግሹሞቹ ይነሣሉ፤ ከቋጥኝ የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ይነሣል፤ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1868 እስከ 1871 የነገሡት ዋግሹም ጎበዜ ይነሣሉ። ደግ ነው፣ ይነሡ። ነገር ግን በገበያው ዳር መኪናውን እየረገጠ የገበሬውን ሱሪና የልጃገረዷን ቀሚስ የሚሰፋው ሰውዬስ? እሱም ታሪክ አለው። ታሪኩም ያለው ከመርፌው ሥር፣ ከጣት በማትበልጥ አንዲት ጥርሳም ብረት ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገር የዚያች ብረት ነገር ነው። (ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ በመጀመሪያ በእጁ የሚሰፋን ሰው ልብ ብለን እንይ። ቀኝ እጁ መርፌውን ይወጋል፣ ክሩን ይስባል። ሁላችንም የምናየው ይህንኑ ነው። ግራ እጁስ ምን ይሠራል ብንባል፣ “ጨርቁን ይይዛላ!” ብለን እናልፋለን። መያዝ ብቻ ግን አይደለም። መርፌው በወጣ ቁጥር ግራ እጅ ጨርቁን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ጥቂት ያሳልፈዋል። ስፌቱ እኩል የሚሆነው፣ ወይም የሚዛነፈው፣ በዚያች ጥቂት ልክ ነው። ቀኝ ይወጋል፣ ግራ ይመጥናል። የስፌት መኪና ፈልሳፊዎች ቀኝ እጅን ቶሎ ቀዱት። ግራ የገባቸው በግራው እጅ ነው።

ባርተሌሚ ቲሞኒዬ የሚባል ፈረንሳዊ ልብስ ሰፊ በ1830 ለመኪናው የፈጠራ መብት ተሰጠው። ሐሳቡን ያገኘው ከጥልፍ ነው። በኪሮሽ መሰል ቆልማማ መርፌ ክር እየሳቡ የሚጠልፉ ሰዎችን አይቶ ያንን እንቅስቃሴ ወደ እንጨትና ወደ ብረት አዞረው። እግር ሲረግጥ መርፌው ይወርዳል፣ ይወጣል። ጨርቁን የሚያሳልፈው ግን እንደ ድሮው የሰው እጅ ነበር። እንዲያም ሆኖ ፓሪስ ላይ 80 መኪና ተተክሎ የወታደር ልብስ መስፋት ተጀመረ። በ1831 ግን እንጀራችን ሊነጠቅ ነው ያሉ ልብስ ሰፊዎች ገብተው መኪናዎቹን አደቀቋቸው። ቲሞኒዬም በ1857 በድህነት ሞተ። ዛሬ ላይ ቆሞ በሰባሪዎቹ መሳቅ ቀላል ነው። እነሱ መኪናውን የጠሉት ግን ብረት ስለሆነ አይመስለኝም፤ የሚሠራላቸው ለሌላ ሰው ስለሆነ ነው።

ቀጥሎ አሜሪካ ውስጥ ኤልያስ ሃው ተነሣ። የእሱ መኪና በ1846 መብት ሲያገኝ ዓይኑ ጫፉ ላይ የሆነ መርፌ ነበረው፤ ከሸማኔ የተወረሰ መወርወሪያም ነበረው። መወርወሪያው ሁለተኛውን ክር በመርፌው ቀለበት ውስጥ ያሳልፋል፤ ሁለቱ ክሮች ይቆላለፋሉ። ግሩም ነው። ጨርቁስ? ሃው በአንድ ስስ የብረት ዝርግ ላይ እሾህ እሾህ የሚመስሉ ስኮችን ደረደረና ጨርቁን በነሱ ላይ ሰካው። ጨርቁ ቁልቁል እንደ ተንጠለጠለ ዝርጉ ትንሽ ትንሽ እየተራመደ በመርፌው ፊት ያልፋል። ዝርጉ ሲያልቅ ስፌቱም አለቀ። መኪናው ይቆማል፣ ጨርቁ ይነቀላል፣ ዝርጉ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ጨርቁ እንደገና ይሰካል። የኛም ሸማኔ የሸመነው ከፊቱ ሲሞላ ቆም ብሎ በመጠቅለያው እንጨት ላይ ይጠቀልለዋል፤ ስለዚህ መቆሙ ብቻ ነውር አይደለም። ልዩነቱ ሸማ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር መሆኑ ነው። ብብትና አንገትጌ ግን ይጎብጣሉ። የሃው ዝርግ ደግሞ ከቀጥታ በቀር ሌላ መንገድ አያውቅም።

በ1849 ጆን ባቸልደር አንድ እርምጃ ጨመረ። ጨርቁን ከተንጠለጠለበት አውርዶ በጠረጴዛ ላይ አስተኛው፤ በዝርጉ ፋንታም ጫፉና ጫፉ የተጋጠመ፣ ስክ የተተከለበት የቆዳ ቺንጋ አደረገ። ቺንጋው እየዞረ ስለሚመለስ ማለቂያ የለውም፤ ስፌቱም የግድ መቆም ቀረለት። በ1851 ደግሞ አይዛክ ሲንጀር ከጠረጴዛው ሥር ሸካራ ጎማ አኖረ። የጎማው ጀርባ ብቻ በጠረጴዛው ስንጥቅ ብቅ ይላል፤ ከላይ በሞላ የተደገፈ የብረት እግር ጨርቁን ይጫነዋል። አሁን ጨርቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሰካ ሳይሆን በአንድ ቦታ ብቻ የተያዘ ሆነ። ስለዚህ ሰፊው በመርፌው ዙሪያ እንደ ልቡ ያዞረው ጀመር። ግራ እጅ ከመግፋት ወጥቶ ወደ መምራት ተሸጋገረ። እርሻ ላይ በሬዎቹ ይስባሉ፣ ገበሬው እርፉን ይዞ ይመራል፤ ይኸው ነው።

ጎማው ግን አንድ ጠባይ ነበረው፤ ጨርቁን ጨርሶ አይለቅም። ለዚህ መላ ያመጣው አለን ዊልሰን የሚባል የቤት ዕቃ አናጢ ነው። በ1850 መጀመሪያ ያስመዘገበው ወደፊትና ወደኋላ ብቻ የሚመላለስ ጥርሳም ብረት ነበር። ብረቱ ሲመለስ ጨርቁን አብሮ እንዳይጎትት ጨርቁ ላይ የተተከለው መርፌ ይገታው ነበር። ዊልሰን በዚህ አልረካም። ታኅሣሥ 1854 ላይ ጥርሱን አራት እንቅስቃሴ ሰጠው። ዛሬ ሰቆጣም ይሁን ሻንጋይ ያለ ተራ የስፌት መኪና በዚሁ ሕግ ይሠራል።

አራቱ እንቅስቃሴዎች እነሆ። አንድ፦ መርፌው ከጨርቁ ሲወጣ ጥርሱ ከሥር በጠፍጣፋው ብረት ስንጥቆች በኩል ብቅ ብሎ ጨርቁን ከላዩ እግር ጋር ያጣብቀዋል። ሁለት፦ እንደ ነከሰ የአንድ ስፌት ያህል ከሰፊው ደረት ወደ ማዶ ይሄዳል፤ ጨርቁም አብሮት ይሄዳል። ሦስት፦ ወደ ታች ይሰምጥና ጨርቁን ይለቀዋል። አራት፦ ማንም ሳያየው ከሥር ከሥር ወደ ነበረበት ይመለሳል። እሱ ሲመለስ መርፌው ከላይ ወርዶ ሥራውን ይሠራል።

ከጉድጓድ ውኃ የሚቀዳን ሰው አስቡት። ገመዱን ይጨብጣል፣ ይስባል፣ ይለቃል፣ ባዶ እጁን መልሶ ይሰዳል። ታዲያ በለቀቀ ጊዜ ባልዲው ተመልሶ ለምን አይወርድም? ሌላው እጁ ይዞለታላ! በመኪናው ላይ ያ ሌላው እጅ ከላይ የሚጫነው እግርና በጨርቁ ውስጥ የቆመው መርፌ ናቸው። አንዱ ሲለቅ ሌላው ይይዛል። ነገሩ ሁሉ ተራ የመጠባበቅ ነው። ተራው በአንዲት ቅጽበት ቢዛነፍ፣ ማለትም መርፌው ሳይወጣ ጥርሱ ቢነሣ፣ መርፌው ይጣመማል ወይም ይሰበራል።

ይህን ተራ የሚጠብቁት ከጠረጴዛው ሥር ባሉ ዘንጎች ላይ የተቀመጡ ወጣ ገባ ብረቶች ናቸው። ባንዱ በኩል ጥርሱ ይነሣል ይሰምጣል፤ በሌላው በኩል ይሄዳል ይመለሳል። እግር የሚረግጠው ያው አንድ መርገጫ ነው፤ መርፌውም መወርወሪያውም ጥርሱም የሚንቀሳቀሱት ከዚያው ነው። ስፌቱን ማርዘም ወይም ማሳጠር ሲፈለግ የሚነካው የመሄዱ ርዝመት ብቻ ነው፤ መነሣቱና መስመጡ እንዳለ ይቆያል።

ፍጹም ነው ማለት ግን አይደለም። ጥርሱ የሚነክሰው የታችኛውን ጨርቅ ነው፤ የላይኛው በመነካካት ብቻ ይከተላል፤ እግሩም ወደ ኋላ ያስቀረዋል። ስለዚህ እኩል የተቀደዱ ሁለት ጨርቆች መጨረሻቸው ላይ ሳይገናኙ ይቀራሉ። ጥሩ ሰፊ ይህን ያውቃል፤ በጣቱ የታችኛውን ያዝ፣ የላይኛውን ለቀቅ ያደርጋል። ሞላው ከላላ ጥርሱ ይንሸራተታል፣ ስፌቱም ባንድ ቦታ ይከማቻል። ሞላው ከጠበቀ ስስ ነጠላ ይጨማደዳል፤ ከሥሩ ወረቀት አንጥፎ መስፋት የቆየ ብልሃት ነው። ጋቢ ሲሆን ደግሞ አራት ድርብ በእግሩ ሥር ማለፍ አለበት። የጥጥ ብናኝ በጥርሶቹ መካከል ሲጠቀጠቅ ጥርሱ ያጥራል፤ መኪናው “አልሄድ አለ” ይባላል። ብዙ ጊዜ በሽታው ይኸው ብናኝ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የዚህ ሁሉ መብት በልዩ ልዩ ሰዎች እጅ ነበር፤ አንዱ ያለ ሌላው የተሟላ መኪና መሥራት አይችልም። እርስ በርስ ሲካሰሱ ቆይተው በ1856 ሃው፣ ሲንጀር፣ ዊለርና ዊልሰን፣ ግሮቨርና ቤከር መብቶቻቸውን ባንድ አኖሩ። ሌላ ሠሪ በእያንዳንዱ መኪና 15 ዶላር ይከፍላቸው ጀመር፤ ከዚሁ 5ቱ የሃው ድርሻ ነበር። ማኅበሩ የኖረው እስከ 1877 ነው። መጨረሻ ድረስ ከቆዩት መብቶች አንዱ የዚያ የባቸልደር ነበር፤ ጨርቅን በጠረጴዛ ላይ ያለ ማቋረጥ የማሳለፉ መብት። እንግዲህ አስቡት! የግራ እጅ ሥራ 21 ዓመት ሙሉ ቀረጥ ተበጀለት። መብቱ ሲያበቃ ግን ማንም ሠሪ በነፃነት ገባበት፣ ዋጋውም ወረደ።

የሲንጀር ኩባንያ በስኮትላንድ ክላይድባንክ በ1885 ትልቅ ፋብሪካ ከፈተ። በ1913 ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ መኪና ወጣለት፤ በ1980 ተዘጋ። ስሙ በኛ አገር እንኳ የመኪናው መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ ወደ ዋግ ግን ሐዲድ አልሄደም። ይህ ዕቃ እንዲህ ላለ አገር የሚስማማው ለምንድን ነው? መብራት አይፈልግም፤ ነዳጅ አይፈልግም፤ ራሱ ከጠረጴዛው ተፈቶ ይጫናል። እግር ካለና ዘይት ካለ ይሠራል። የሚንቀሳቀስ ትንሽ ፋብሪካ ነው ማለት ይቻላል።

ዕቃው ተከበረ፣ ሠራተኛውስ? የእጅ ሙያን መናቅ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። ጠይቡ ቡዳ ይባል ነበር፤ ሽመናም በጎንደርና በአካባቢው ለእስላሞችና ለቤተ እስራኤሎች የተተወ ሥራ ነበር። የሚሸመነውን ሁሉም ይለብሳል፣ ሸማኔውን ግን የሚያከብረው ጥቂት ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ቢብስ ነው። ዐዋጅ ግን ምላስን እንጂ ልብን ቶሎ አይለውጥም። እኛም ዛሬ “ልብስ ሰፊ ነው” ስንል ድምፃችን ዝቅ ይላል፤ ይህን ብናምን ምናለበት? ምሕንድስና በመጽሐፍ የሚማር ተማሪ አራቱን እንቅስቃሴዎች በሥዕል ያጠናል። በረንዳ ላይ የተቀመጠው ሰው ግን በጆሮው ያውቃቸዋል፤ ጥርሱ ሲያዛባ ከድምፁ ይለየዋል።

በዋግ ነሐሴ 16 ሻደይ ይገባል። ልጃገረዶች አጊጠው፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው ይወጣሉ። ቀሚሱ ጎንና ጎኑ የሚጋጠመው በጥርሱ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ እኩል፣ ፈጣን። ደረቱ ላይ ያለው ጥልፍ በመኪና ሲሠራ ግን ሌላ ነገር ይደረጋል። ሰፊው እግሩን ያነሣል፣ ጥርሱን ያወርዳል ወይም በዝርግ ብረት ይሸፍናል፤ ጨርቁን በክብ መወጠሪያ ወጥሮ በሁለት እጁ ይይዛል። ከዚያ በኋላ መርፌው ይወጋል እንጂ ጨርቁ የት እንደሚሄድ መኪናው አያውቅም። መስቀሉንም ሐረጉንም የሚያወጣው የሰው እጅ ነው። ቲሞኒዬ ከጥልፍ ጀምሮ ባቆመበት ቦታ የኛ ጠላፊ እንደገና ተቀምጧል፤ ግን ተገዶ ሳይሆን መርጦ። ባቸልደርና ሲንጀር፣ ዊልሰንም የደከሙበትን ጥርስ አጥፍቶ፣ መምራቱንም መግፋቱንም ራሱ ይዞታል።

አንድ መሣሪያን የራስ ማድረግ ከዚህ በላይ ምን እንደሆነ አላውቅም። መሥራት የሚችለውን ሁሉ ማሠራት አንድ ነገር ነው። መቼ እንደሚሠራ፣ መቼስ እንደሚያርፍ መወሰን ግን የባለሙያ ነገር ነው። በገበያው ዳር ያለው ሰውዬ ይህን ያደርጋል። ለዚህም ነው ታሪክ አለው ያልነው።