ስዊትኸርት (ፊልም)

ስዊትኸርት በጄ ዲ ዲላርድ ዳይሬክተርነት የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ የአሜሪካ የባሕር አውሬ አስፈሪ ፊልም ነው። መሪዋ ተዋናይት ጥቁር አሜሪካዊቷ ኪርሲ ክሌመንስ ናት።

ክሌመንስ የምትጫወታት ጄን ከመርከብ አደጋ ተርፋ ሰው አልባ ደሴት ላይ ትወድቃለች፤ ሲመሽ ከባሕሩ አውሬ ይወጣል። በዚህ ዘውግ ጥቁር ተዋናይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞት አጃቢ ነበር። እዚህ ግን ካሜራው ከእሷ አይለይም። የአደጋ ጊዜ ርችት ወደ ጨለማው ሰማይ ስትተኩስ፣ የአውሬው ጥላ በብርሃኑ ከባሕሩ ላይ ቆሞ የሚታይበት ትዕይንት ከፊልሙ ሁሉ ይልቃል።

ፍቅረኛዋ ሉካስና ጓደኛቸው ሚያ፣ ሁለቱም ነጮች፣ በነፍስ አድን ጀልባ ሲደርሱ ያየችውን ብትነግራቸው አያምኗትም። ፊልሙ ስለ ዘር አይሰብክም፤ ግን ሴት እውነቱን ተናግራ ውሸታም ስትባል የሚሰማት ምሬት፣ ባሕር አይቶ ለማያውቅ የኢትዮጵያዋ ጎረቤላ ተመልካችም ያለ አስረጂ ይገባዋል።

በአገራችን ለዚህ ዓይነት ምናባዊ ሥራ የሚቀርበው፣ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በኢትዮጵያ የቀረጸውና ዳንኤል ታደሰ በመሪነት የተወነበት እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ክራምብስ ነው።